ከገና በኋላ የሚመጣ ደመወዝ

በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚከበረውን ገና በአግባቡ ለመሸመት በፈረንጅ ወር ደመወዝ መቀበል ይሻላል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ አቃቂ ቃሊቲ ላለ የፋብሪካ ሠራተኛ ግን ቀልድ አይደለም። በፈረንጅ ወር በሚከፍል ድርጅት የሚሠራ ሰው የዲሴምበር ደመወዙ ቢዘገይ ቢዘገይ ታኅሣሥ 22 እጁ ይገባል። ለበዓሉ ሰባት ቀን ይቀረዋል፤ ቅዳሜና እሑድም መሐል ላይ አለለት። መንገድ ተሻግሮ ያለው፣ በኢትዮጵያ ወር የሚከፍል ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራው ጎረቤቱ ግን የምትጠብቀው ታኅሣሥ 30ን ነው። ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29 ነው።

ይህች የአንድ ቀን ልዩነት በየዓመቱ ስንት ሺህ ቤት እንደምታንኳኳ የሚያወራ የለም። በዓል በመጣ ቁጥር የሚወራው ስለ ዶሮ ዋጋ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ "ስግብግብ ነጋዴ" ነው። ገንዘቡ በየትኛው ቀን ኪስ እንደሚገባ የሚጠይቅ ጋዜጠኛም ሹመኛም እምብዛም አይገኝም።

ቋሚ ቀን ያላቸውን ትልልቅ በዓላት በደመወዝ ቀን መስፈሪያ መለካት ይቻላል። እንቁጣጣሽ የሚመጣው የነሐሴ ደመወዝ ተከፍሎ፣ ጳጉሜን አልፋ ነው። ጳጉሜን ራሷ ያለ ደመወዝ የምትታለፍ ወር በመሆኗ ብዙ ታስወቅሳለች፤ ቢያንስ ግን ሠራተኛው ገበያ የሚወጣው ገንዘብ ይዞ ነው። መስቀል መስከረም 17 ነው፣ የወሩ አጋማሽ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ደመወዙ ገና ትኩስ ሳለ። ገና ብቻ ነው የወሩ ጅራት ላይ የተንጠለጠለው። የኅዳር ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ዕድር ከፍሎ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ከፍሎ፣ ሃያ ስምንት ቀን ኖሮ ካበቃ በኋላ ነው "እንኳን አደረሳችሁ" የሚባለው። ከቋሚዎቹ በዓላት መካከል ካለፈው ደመወዝ ይህን ያህል የራቀ ሌላ የለም።

"ጾም ስለሆነ ወጪው ያንሳል" የሚል አይጠፋም። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለሚጾም በእርግጥም ሥጋና ቅቤ የማይገዛበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ጾም ርካሽ ነው የሚል ሰው ሰሞኑን ዘይት አልገዛም ማለት ነው። ምስሩም ሽሮውም በነጻ አይመጣም። ይልቅ ጾሙ የሚሠራው ሌላ ነገር አለ፤ ሁሉንም ሰው አንድ ቀን፣ በአንድ ሌሊት፣ ወደ አንድ ዓይነት ምግብ ይመልሳል። ከአርባ ቀን በላይ ዶሮ ዞር ብሎ ያላየ ሰው ሁሉ በአንድ ምሽት ዶሮ ይፈልጋል። በ2018 በዓሉ ረቡዕ ስለዋለ (ገና ሲሆን ረቡዕም ይበላል) ዋዜማው ማክሰኞ ነበር። የሥራ ቀን ነው። ፋብሪካው ማታ ሠራተኛውን ሲለቅ ገበያው ከጠዋት ጀምሮ ሲግል ውሎ ደረቱን ነፍቶ ይጠብቀዋል።

የአቃቂን ጉዳይ ከሌላው ሰፈር የሚለየው አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የአዲስ አበባ የበዓል ዕቃ ትልቁ ክፍል የሚገባው በዚሁ በር ነው። ከአርሲ፣ ከባሌና ከቦረና የሚመጣው ከብት የሚያልፈው በደቡቡ መንገድ ነው፤ አቃቂ የቁም እንስሳት ገበያ ያላትም ለዚሁ ነው። የዶሮ እርባታው መናኸሪያ ቢሾፍቱ ከአቃቂ ብዙም አትርቅም። የመቂና የባቱ ሽንኩርት፣ የአድአ ጤፍ፣ ሁሉም በዚሁ አቅጣጫ መጥቶ ወይ በአሮጌው መንገድ አቃቂን አቋርጦ ወይ በፈጣን መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወጥቶ ነው ወደ ከተማ የሚዘልቀው። አቃቂዎች ለገና የሚገዙትን ነገር ሁሉ ቀድመው በአይሱዙ ላይ ተጭኖ በደጃቸው ሲያልፍ ያዩታል።

ሽንኩርቱ ግን አያቆምላቸውም። ከመቂ የተጫነው ሽንኩርት ቃሊቲን አልፎ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለው ትልቁ የአትክልት ገበያ ይሄዳል። እዚያ ይራገፋል፣ በደላላ እጅ ያልፋል፣ ይከፋፈላል፣ እንደገና በትንንሽ መኪና ተጭኖ ወደ አቃቂና ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ጉሊት ይመለሳል። በራሷ ደጅ ያለፈውን ሽንኩርት የአቃቂዋ እናት የምትገዛው የደርሶ መልሱን ኪራይ ጨምራ ነው። የእሑድ ገበያ የሚባለው አሠራር የተፈጠረው በከፊል ይህንን ለመቁረጥ ነበር፤ አምራቹን ወይም ማኅበራቱን በቀጥታ ሰፈር ድረስ ለማምጣት። አሠራሩ ጥሩ ነው። በበዓል ሰሞን ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ከገና በፊት ባለው እሑድ ሲሆን፣ በ2018 ያ እሑድ ታኅሣሥ 26 ላይ ዋለ። ያን ዕለት ገንዘብ ያለው ማን ነው? በፈረንጅ ወር የሚከፈለው፣ ነጋዴው፣ ከውጭ ዘመድ የሚልክለት። በርካሹ ገበያ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ከርካሹ ገበያ ውጪም መግዛት የሚችሉት ናቸው።

ቀሪው ሰው ዋዜማውን ይጠብቃል። ዋዜማ ላይ አቃቂን ያየ ያውቀዋል። ከቃሊቲ መናኸሪያ ጀምሮ መንገዱ ይታፈናል። ክፍለ አገር የሚሄደው ሻንጣውን፣ ከመርካቶ የሚመለሰው ዶሮውን አንጠልጥሎ ታክሲ ይጋፋል። የእግረኛ መንገዱ በቄጤማ ሻጭ፣ በእንቁላል ሻጭ፣ በኮባ ቅጠል ሻጭ ይያዛል። ሙዚቃ ቤቱ የገና መዝሙር ይለቃል፣ ጎኑ ያለው ሱቅ አብረቅራቂ የገና ዛፍ በር ላይ ያቆማል፣ ልጆች ይሰበሰባሉ። ለፎቶ የሚመች ድምቀት ነው። ኤቲኤም ፊት ለፊት ያለው ሰልፍ ግን ለፎቶ አይመችም። ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ስልኩን እያየ የሚጠብቀው ከሚስቱ የሚመጣ መልእክት አይደለም፣ ከባንኩ የሚመጣውን ነው። "ዝርዝሩ ጠዋት ተልኳል" ብላለች የሂሳብ ክፍሏ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

አንዳንድ ፋብሪካ ደግነቱ ይያዝለትና ደመወዙን በዋዜማው ይለቃል። ያኔም ቢሆን ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ገንዘብ ይዞ በአንድ ሰዓት ገበያ ይገባል። ዶሮ ሻጩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከቀትር በፊት በሰላም የተከራከረው ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ይሆናል።

"ወንድሜ፣ ጠዋት ለጎረቤቴ በዚህ ዋጋ አልሸጥክም።"

"እማ፣ ጠዋት ጠዋት ነው። ካልፈለግሽ ተዪው፣ ከኋላሽ ያለው ይወስዳል።"

ዋሽቷል ማለት አይቻልም። ከኋላዋ ያለው ይወስዳል። እዚህ ላይ ሻጩን ጭራቅ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ ብዙ መግለጫም የሚጻፈው በዚህ መንገድ ነው። ሻጩ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዶሮውን ሲመግብ፣ አንዳንዱ በመንገድ ሲሞትበት፣ ገዢ ሳይመጣለት ቆይቶ ሁሉም ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሲመጣበት ዋጋ ባይጨምር ነበር የሚገርመው። ደንብ አስከባሪ ቆሞ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም። ሕዝቡን በአንድ ምሽት አንድ ቦታ ላይ የሰበሰበው የደመወዙ ቀን ነው።

ቁማር የሚጫወትም አለ። አንዳንድ ሠራተኛ ሆን ብሎ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይቆያል። ያመጣው ዶሮ ያልተሸጠለት ገበሬ ይዞ ከመመለስ ብሎ ዋጋ የሚጥልበት ሰዓት አለና። አንዳንድ ዓመት ይሳካል። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ ይገኝና ባዶ እጁን ቤት ይገባል። ልጆቹ በር ላይ ቆመው እየጠበቁት እንዲህ ዓይነት ቁማር መጫወት ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የኑሮው ውድነት በራሱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የዶሮ መኖው፣ መድኃኒቱ፣ ነዳጁ፣ ሁሉም ተከትሎታል። የመንግሥት ሠራተኛ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሎለታል። የገቢ ግብር የማይነካው የደመወዝ መጠንም ከ600 ወደ 2,000 ብር ተነስቷል። የግል ፋብሪካ ሠራተኛ ግን እስካሁን ከዚህ በታች አይከፈልህም የሚል ወለል የለውም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን ክፍያ እንዲወስን በር ከፍቶ ነበር፤ አዋጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው ወለሉ ገና አልተነገረም ነበር። ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ኢሠማኮም ለዓመታት ሲያነሳው ኖሯል። የደመወዝ ቀን ጉዳይ ትልቁን ጥያቄ አይተካውም። ነገር ግን ትልቁ እስኪመለስ ድረስ ትንሹን መተው አንድም ምክንያት የለውም፤ በተለይ ትንሹ ያን ያህል የማያስከፍል ሲሆን።

ምን ያህል ያስከፍላል? አምስት መቶ ሠራተኛ ያለው አንድ የአቃቂ ፋብሪካ ይታሰብ። አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር ይባል። የወር ደመወዙ በድምሩ 3,000,000 ብር ነው። ፋብሪካው ይህን ገንዘብ ከታኅሣሥ 29 ይልቅ ታኅሣሥ 22 ላይ ለመክፈል ከባንክ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። የሰባት ቀኑ ወለድ ወደ 10,400 ብር ይመጣል። ለአንድ ሠራተኛ ሲካፈል 21 ብር ገደማ ነው። አንድ ማኪያቶ አይገዛም። ሠራተኛዋ ግን በዋዜማው ምሽት ለአንድ ዶሮ፣ ለአንድ ደርዘን እንቁላል፣ ለአራት ኪሎ ሽንኩርትና ለአንድ ኪሎ ቅቤ ከሳምንቱ ዋጋ በላይ የምትጨምረው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። የ21 ብር ቁጠባ ለማዳን ብሎ በሠራተኛው ላይ ያን ሁሉ ብር መጫን ከሒሳብ አንጻር እንኳ አያዋጣም።

ሕጉም ቢሆን ሐሳቡን ያውቀዋል። አዋጅ 1156 የደመወዝ መክፈያው ቀን እሑድ ወይም የሕዝብ በዓል ላይ ከዋለ ክፍያው ከዚያ በፊት ባለው የሥራ ቀን እንዲፈጸም ያዛል። ሕግ አውጪው የገመተው ነገር ግልጽ ነው፤ ሰው በበዓሉ ቀን ገንዘቡ በእጁ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ የክፍያ ቀኑ 29 የሆነ ፋብሪካ 28 ላይ ሊከፍል ይገደዳል። የክፍያ ቀኑ 30 የሆነ ግን በሕጉ ፊት ንጹሕ ነው፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ቢከፍል የሚጠይቀው የለም። አንድ ቀን ነው ልዩነቱ። የሠራተኛው ቤት ግን በዚያች አንድ ቀን ወይ ይሞላል ወይ ባዶ ይሆናል።

ለዚህ ሐሳብ የሚሰነዘሩ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁሉም ዋዛ አይደሉም።

የመጀመሪያው ከራሳቸው ከሠራተኞች የሚመጣ ነው። "ቀድማችሁ ስትከፍሉን ጥር ይረዝምብናል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የታኅሣሥ ደመወዝ 22 ላይ ከተከፈለ እስከ ጥር 30 ድረስ 38 ቀን ነው የሚቆጠረው። መሐሉ ላይ ጥምቀት አለ፣ ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ወቅት አለ፣ ጥር ደግሞ የጥሪ ካርድ የሚበዛበት ወር ነው። የጥር 25 ረሃብ ከገና ዋዜማ ረሃብ አይሻልም። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ደመወዙን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ታኅሣሥ 20 አካባቢ፣ ግማሹን በመደበኛው ቀን መክፈል ይቻላል። ወይም የበዓል ቅድመ ክፍያ ሰጥቶ በሁለትና ሦስት ወር መቁረጥ ይቻላል። ሕጉ ከወር ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ገደብ ስላለው ሠራተኛው በአንድ ጊዜ አይራቆትም። የመጀመሪያው መንገድ ለፋብሪካው ከላይ ከተሰላው ወጪ ያነሰ እንጂ የበለጠ አያስከፍልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ "ነጋዴው ዋጋ የሚጨምርበትን ቀን ወደፊት ያመጣዋል እንጂ ምን ይለወጣል" የሚል ነው። ትንሽ ያመጣዋል። ነገር ግን በአንድ ምሽት የተጨናነቀ ፍላጎትና በአሥር ቀን የተዘረጋ ፍላጎት አንድ አይደሉም። ታኅሣሥ 21 ላይ ዋጋ የቆለለ ዶሮ ሻጭ ገዢው "ነገ እመለሳለሁ" ብሎ መሄድ ይችላል። ዋዜማ ምሽት ላይ "ነገ እመለሳለሁ" የሚባል ነገር የለም። የገዢ አቅም ማለት ትቶ መሄድ መቻል ነው፤ ያንን አቅም የሚሰጠው ቀን ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የሚያነሱት ቢሮ ተቀምጠው ሳይሆን ኪራይ ቤት ተቀምጠው ያዩት ናቸው። "ዶሮ ሳምንት ቀድሜ ገዝቼ የት አስቀምጣታለሁ?" ተገቢ ጥያቄ ነው። አቃቂ ውስጥ በአንዲት ክፍል ሰርቪስ ቤት የሚኖር ቤተሰብ አውራ ዶሮ ገዝቶ ቢገባ ሌሊቱን ሙሉ ግቢውን ሲቀሰቅስ ያድራል። አከራይዋም "ለአንተ ነው ያከራየሁት ለዶሮ አይደለም" ትላለች። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ዶሮዋ የመጨረሻው ቀን ዕቃ ሆና ትቀር ይሆናል። ሽንኩርቱ ግን ይቆያል። በርበሬው ይቆያል። ቅቤው ተነጥሮ ይቆያል። የጠላው ጌሾና ብቅልማ የግድ ቀድሞ መገዛት አለበት፤ በዋዜማው ደመወዝ ጠላ ጠምቆ ለገና ማድረስ አይቻልም። ቀደም ብላ እነዚህን የገዛች ሴት ዋዜማው ላይ የሚቀራት ዶሮና ቄጤማ ብቻ ነው፤ ዶሮ ሻጩም ፊት የምትቆመው ቦርሳዋ በአንድ ቀን ሁሉንም ሊገዛ ሳይገደድ ነው።

ቅርጫው ደግሞ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ቅርጫ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ለራሱ የፈጠረው የጅምላ ግዢ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስምንት አሥር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ በበዓሉ ጠዋት ይታረዳል፤ መደብ መደቡ ይከፋፈላል፤ እጣ ይወጣል። ሥጋ ቤት በኪሎ ከሚገዛው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የትየለሌ ነው። አደራጁ ግን ገንዘብ የሚሰበስበው ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ነው፤ በሬው ቀደም ብሎ መታየትና መገዛት ስላለበት። ያኔ ገንዘብ የሌለው ስሙ ይሰረዛል። የሚሰረዘውም ሁልጊዜ ደመወዙ ትንሹ ነው። እሱ የበዓሉ ማግስት ደመወዙን ይዞ ሥጋ ቤት ይሄድና ለአንድ ኪሎ የቅርጫው ሰው ለአንድ ኪሎ ተኩል የከፈለውን ይከፍላል። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት በገደለው ያለው ሰው የታኅሣሥን ወር ሳያውቅ አልቀረም።

በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ይህንን የሚፈታ አሠራር ከድሮ ጀምሮ አለ። የሠራተኛ ማኅበሩ ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበሩ በሬውን ራሱ ገዝቶ ለአባላት ያከፋፍላል፤ ዋጋው በየወሩ ከደመወዝ ይቆረጣል። ቀላል ነው፣ ከውጭ ተጠንቶ የመጣ ፕሮጀክትም አይደለም። ማኅበር ባለበት ይሠራል። አቃቂና ቃሊቲ ግን የድሮዎቹ ትልልቅ ፋብሪካዎች፣ እነ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ ለኢንዱስትሪ ሠራተኛው ስም ያወጡለት ሰፈር ብቻ አይደሉም አሁን። በየጓሮው መጋዘን፣ የፕላስቲክ ማምረቻ፣ የብረታ ብረት ሥራ፣ ሃያና ሠላሳ ሰው የያዘ ትንንሽ ወርክሾፕ ሞልቶበታል። እነዚህ ውስጥ ማኅበር የለም። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ከዚህም ውጪ ነው፤ የሱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አሠሪዎች ደግ አይደሉም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ለበዓል መዋያ ብለው አንድ ዶሮና እንቁላል፣ ወይም ሦስት ሊትር ዘይት ይሰጣሉ። ባለሥልጣናትም በዋዜማው ማዕድ ሲያጋሩ በቴሌቪዥን ይታያሉ። ይህን የሚጠላ የለም፤ የተቀበለውም ቤተሰብ ይመርቃል። ሆኖም ለሃምሳ ቤተሰብ ዶሮ በስጦታ ማደልና ለአምስት መቶ ቤተሰብ የራሱን ገንዘብ በወቅቱ መስጠት ሲነጻጸር ሁለተኛው ካሜራ የለውም። የገዛ ላቡን ዋጋ በወቅቱ ያገኘ ሰው ማንንም ቆሞ አያመሰግንም፤ ምናልባት ማንም የማይቸኩልበት ለዚህ ይሆናል።

ንግድ ቢሮው በየበዓሉ ስለ አቅርቦት መግለጫ ይሰጣል፤ ይህን ያህል ኩንታል፣ ይህን ያህል እንቁላል፣ ያላግባብ ዋጋ በሚጨምሩ ላይ እርምጃ። በመግለጫው ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ወጪ የለውም፤ የክፍለ ከተማው አሠሪዎች የታኅሣሥን ደመወዝ ግማሹን እንኳ ከ22 በፊት እንዲለቁ መጠየቅ። ክፍለ ከተማው የእሑድ ገበያውን ሲያዘጋጅ የፋብሪካዎቹን የክፍያ ቀን ይዞ ቢያዘጋጅ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ የሚገኘው ሰው ይለወጣል። ሸማቾች ማኅበራትም ለአባላት በደመወዝ ዋስትና ሽንኩርትና ቅቤ አስቀድመው ቢያስይዙ ከዋዜማው ግፊያ አንድ ግማሹን ያነሱ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ ያለው በኅብረት ስምምነት ጠረጴዛ ላይ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት በድርድር ወቅት ስለ ጭማሪ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ሕክምና ይከራከራሉ፤ ስለ ክፍያ ቀን የሚያነሳ ጥቂት ነው። አንድ መስመር ይበቃል፤ "የታኅሣሥ ወር ደመወዝ ቢያንስ ግማሹ ከወሩ 20ኛ ቀን በፊት ይከፈላል" የምትል። አሠሪው ለዚህች መስመር ብሎ ጠረጴዛ ጥሎ አይነሳም። ስምምነቱ እንደተለመደው ለሦስት ዓመት ከተፈረመ ደግሞ፣ ዘንድሮ የሚፈረመው የ2020ን ገና ያካትታል። 2019 ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን በ2020 ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ ከደመወዙ ሁለት ቀን ቀድሞ።